የጥቁርና የነጭ ተማሪዎች የውጤት ልዩነት በአሜሪካ፦ ከየት መጣ? ምንስ ያጠብበዋል?

አሜሪካ የልጆቿን የንባብና የሒሳብ ችሎታ የምትመዝንበት አገር አቀፍ ፈተና አላት። ፈተናው ማንንም ከክፍል ክፍል አያሳልፍም፣ ማንንም አይጥልም፤ ተፈታኙም ውጤቱን አያየውም። የሚመዘነው የአገሪቱ ትምህርት ነው። በዚህ ፈተና በ1971 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የ17 ዓመት ጥቁር ተማሪዎች በንባብ ከነጭ እኩዮቻቸው በአማካይ 53 ነጥብ ያንሱ ነበር። በ1988 ልዩነቱ ወደ 20 ነጥብ ወረደ። ከዚያ ወዲህ መጥበቡን አቆመ፤ እንዲያውም ጥቂት መልሶ ሰፍቶ በ2012 26 ነጥብ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ልዩነት ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ቀድሞ ይናገራል። አንዱ «ተፈጥሮ ነው» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሌላው «ወላጆቻቸው ስለማይከታተሏቸው ነው» ይላል፤ ይሄኛው ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያስፈልገውም። ሁለተኛውን አባባል በአሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከልም፣ ከሜሪላንድ እስከ ሲያትል፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ መስማት ይቻላል። እነዚያ 17 ዓመታት ግን ለሁለቱም አይመቹም። የአንድ ሕዝብ ተፈጥሮ በ17 ዓመት አይለወጥም። የወላጆች ትጋትም በ1971 ድንገት ተነስቶ በ1988 ድንገት አይተኛም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ሊለካ የሚችል ነገር ነው።

ተፈጥሮ ለሚለው አጭር መልስ ሰጥቼ ልለፍ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን የሰፈሩ፣ በአብዛኛው አሜሪካውያን የሆኑ ጥቁርና ነጭ ወታደሮች ከጀርመናውያን እናቶች ልጆች ወልደው ነበር። ክላውስ አይፈርት የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ እነዚህን ልጆች ፈትኖ ውጤቱን በ1961 ሲያወጣ፣ በጀርመን ያደጉት የጥቁሮቹና የነጮቹ ወታደሮች ልጆች አማካይ ውጤት ከሞላ ጎደል እኩል ነበር። ሮላንድ ፍራየርና ስቲቨን ሌቪት የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን ደግሞ ከ8 እስከ 12 ወር ዕድሜ ያላቸውን አሜሪካውያን ሕፃናት ምዘና መርምረው በጥቁርና በነጭ መካከል እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አላገኙም። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ ልዩነቱ አለ፤ ይሁን እንጂ የቤተሰብ ገቢና ትምህርት፣ የልደት ክብደትና በቤት ውስጥ ያለ የመጻሕፍት ብዛት የሚመሳሰሉ ልጆች ብቻ ሲነጻጸሩ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። እነዚሁ ሁለት ምሁራን ያገኙት የሚያስደነግጠው ነገር ቀጣዩ ነው። ተመሳስለው የጀመሩት ልጆች ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቁሮቹ ወደ ኋላ መቅረት ይጀምራሉ። ስለዚህ ተጠያቂው ቤት ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱም ድርሻ አለው።

በ1971ና በ1988 መካከል ምን ሆነ?

የመጀመሪያው መልስ ከትምህርት ቤት ውጭ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ 17 ዓመት የሞላው ልጅ የተወለደው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በደቡብ ግዛቶች የነበሩ ብዙ ሆስፒታሎች ጥቁር ሕመምተኛን ጨርሶ አይቀበሉም፣ ቢቀበሉም በተለየና ባነሰ ክፍል ያስተኙ ነበር። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም በዘር እንዳያዳላ ከለከለ። በ1966 ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ሥራ ሲጀምር፣ ከዚያ ገንዘብ መቋደስ የፈለገ ሆስፒታል በሩን ለሁሉም መክፈት ግድ ሆነበት። በተቅማጥና በሳንባ ምች ያልቁ የነበሩ ጥቁር ሕፃናት ሐኪም ዘንድ መድረስ ጀመሩ። ኬኔት ቼይ፣ ጆናታን ጉርያንና ባሽካር ማዙምደር የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከዚህ ለውጥ በኋላ የተወለዱት ጥቁር ልጆች ወጣት ሆነው ሲፈተኑ ቀድመዋቸው ከተወለዱት የተሻለ ውጤት አመጡ። ስለ ንባብ ፈተና ሲከራከር ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የሚያነሳ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሁለተኛው መልስ የሚታወቀው ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በካንሳስ የምትገኘውን የቶፒካን የትምህርት ቦርድ በተመለከተው ጉዳይ ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የወሰነው በግንቦት 1954 ነበር። ውሳኔው ወረቀት ላይ አሥር ዓመት ተኛ፤ በ1964 በደቡብ ከሚኖሩ ጥቁር ተማሪዎች ነጮች በሚበዙበት ትምህርት ቤት የሚማሩት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የፌዴራል ገንዘብን የማቋረጥ ማስፈራሪያና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲመጣ፣ ተማሪዎችን በአውቶቡስ ከሰፈር ሰፈር ማመላለስም ሲፈቀድ፣ በ1988 ድርሻው ከ40 በመቶ በላይ ሆነ። የኢኮኖሚ ምሁሩ ራከር ጆንሰን እነዚያን ልጆች ጎልማሶች እስኪሆኑ ተከታትሎ፣ ብዙ ዓመት እንደተማሩ፣ የተሻለ ገቢና የተሻለ ጤና እንዳገኙ አሳይቷል፤ አብረዋቸው የተማሩት ነጭ ልጆችም የተጎዱት ነገር አልነበረም። ነጭ ልጅ አጠገብ መቀመጥ በራሱ አስማት የለውም። ጥቁሮቹ ልጆች ወደ አዲሶቹ ትምህርት ቤቶች ሲገቡ ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ጨመረ፣ የክፍል ተማሪ ብዛት ቀነሰ፤ ዋናው እሱ ነበር።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። ትምህርት ቤቶቹ ሲቀላቀሉ የሚዘጋው የጥቁሮቹ ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር መምህራንና ርዕሳነ መምህራን ከሥራ ተባረሩ። የዚህ ጉዳት ዋጋ ዛሬም እንደሚከፈል ከታች እመለስበታለሁ።

የመኖሪያ አድራሻ

መጥበቡ ለምን ቆመ? በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዲትሮይትን ጉዳይ አይቶ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የከተማዋን ተማሪዎች በዙሪያዋ ካሉት፣ ነጮች ከሚኖሩባቸው የትምህርት ወረዳዎች ጋር መቀላቀል አይቻልም አለ። ከዚያ በኋላ ከከተማዋ ድንበር አንድ ጎዳና ተሻግሮ ቤት የገዛ ነጭ ቤተሰብ ሁሉ ከጉዳዩ ወጣ። በ1991 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የኦክላሆማ ሲቲን ጉዳይ ተመልክቶ የቆዩት የቅልቅል ትእዛዞች ሊነሱ የሚችሉበትን መንገድ ከፈተ።

በአሜሪካ የምትማርበትን ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚወስነው የምትኖርበት አድራሻ ነው፤ አድራሻውን የሚወስነው ደግሞ ብዙ ጊዜ የአያትህ አድራሻ ነው። በ1930ዎቹ አንድ የፌዴራል የቤት ብድር ተቋም የከተሞችን ካርታ በአራት ቀለም ቀብቶ ነበር፤ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ቀይ ተቀቡ። መንግሥት ዋስ የሚሆንለት የቤት ብድርም ለአሥርት ዓመታት ወደ እነዚህ ሰፈሮች አልገባም። ነጭ ቤተሰቦች በመንግሥት ዋስትና ቤት ገዝተው ዋጋው ሲያድግ ለልጆቻቸው ሲያወርሱ፣ ጥቁሮቹ ኪራይ ሲከፍሉ ኖሩ። የቤት አድልዎን የከለከለው ሕግ በ1968 ወጣ፤ የተከማቸው ሀብት ግን በሕግ አይመለስም። በ2019 በተደረገው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ጥናት መሠረት የነጭ ቤተሰብ መካከለኛ ሀብት 188,200 ዶላር ሲሆን የጥቁሩ 24,100 ዶላር ነበር።

የትምህርት ቤት በጀት ከቤትና ከቦታ ግብር ሲገኝ ምን እንደሚመጣ ለማየት ከሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ የተሻለ ማሳያ የለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዚያች ከተማ ኤጅዉድ የሚባል፣ አብዛኛው ነዋሪ ሜክሲኮ አሜሪካዊ የሆነ ድሃ የትምህርት ወረዳ ነበር። ነዋሪው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የንብረት ግምት 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ግብር ይከፍል ነበር፤ ከዚያ የሚገኘው ለአንድ ተማሪ 26 ዶላር ነበር። ሀብታሙ አላሞ ሃይትስ 85 ሳንቲም ብቻ እያስከፈለ ለአንድ ተማሪ 333 ዶላር ይሰበስባል። የክልሉና የፌዴራሉ ድጎማ ተጨምሮ እንኳን ኤጅዉድ ለአንድ ተማሪ 356፣ አላሞ ሃይትስ 594 ዶላር ያወጡ ነበር። ድሃው በርከት አድርጎ ከፍሎ ያነሰ ያገኛል ማለት ነው። ዴሜትሪዮ ሮድሪገዝ የተባለ ወላጅና ጎረቤቶቹ ከሰሱ። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ይህም 5 ለ4፣ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አይደለም ብሎ ፈረደባቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክልሎች በራሳቸው ፍርድ ቤቶች ተገድደው በጀቱን አቀራርበዋል፤ ዛሬ የገንዘብ ልዩነቱ እንደዚያን ጊዜው ዓይን ያወጣ አይደለም። የቀረው የድህነት መከማቸት ነው። የስታንፎርዱ ሾን ሪርደን በመላ አገሪቱ የተሰጡ የፈተና ውጤቶችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ የጥቁርና የነጭ ልዩነት ከምንም በላይ አብሮ የሚሄደው ጥቁር ልጆች የክፍል ጓደኞቻቸው ድሆች በሆኑበት ትምህርት ቤት ከመታጎራቸው ጋር መሆኑን አገኘ። አንባቢ «ታዲያ ጉዳዩ ገቢ እንጂ ቀለም አይደለማ» ሊል ይችላል። ግማሹ እውነት ነው። ሪርደንና ባልደረቦቹ ያሳዩት ሌላ ነገር ግን አለ፤ እኩል ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ጥቁሩ ከነጩ በደኸየ ሰፈር ይኖራል። መካከለኛ ገቢ ያለው ጥቁር ቤተሰብ ልጅ የድሃ ሰፈር ትምህርት ቤት ይማራል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሆነውን ማሰብ ቀላል ነው። ልምድ ያለው መምህር የመቀየር ዕድል ሲያገኝ ይሄዳል፤ በምትኩ አዲስ ተመራቂ ይመጣል፤ እሱም ሥራውን በለመደ ማግሥት ይሄዳል። ኪራይ ያቃታቸው ቤተሰቦች በዓመቱ መሀል ስለሚለቁ ጥር ላይ ያለው ክፍል መስከረም ላይ የነበረው አይደለም። ከፍተኛ ሒሳብ የሚማር በቂ ተማሪ የለም ተብሎ ትምህርቱ አይሰጥም፤ ስላልተሰጠም የሚችለው ልጅ ሳይማረው ይቀራል።

ከትምህርት ቤቱ በር ወዲያ

አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ልጆችም እኩል አይስተናገዱም። ለዚህ በፍሎሪዳ የብራዋርድ ወረዳ የሆነው ከክርክር ሁሉ የበለጠ ያስረዳል። ወረዳው ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች የተለየ ትምህርት ይሰጣል። እስከ 2005 ድረስ ለምዘና የሚቀርበው መምህር ወይም ወላጅ የጠቆመው ልጅ ነበር። ገንዘብ ያለው ወላጅም ልጁን በግል ባለሙያ ያስመዝናል። በ2005 ወረዳው አንድ ቀላል ነገር አደረገ፦ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ፣ ማንም ሳይጠቁም፣ በአንድ አጭር ፈተና ፈተነ። መስፈርቱን ዝቅ አላደረገም። ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ እንደመዘገቡት በልዩ ተሰጥኦ የተመደቡት የሦስተኛ ክፍል ጥቁር ተማሪዎች ቁጥር በ80 በመቶ፣ የሂስፓኒኮቹ (ቤተሰባቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ ልጆች) በ130 በመቶ ጨመረ። ልጆቹ ቀድሞም ነበሩ፤ ያያቸው አልነበረም። በኋላ በጀት ሲያጥር ፈተናው ለሁሉም መሰጠቱ ቀረ፤ ቁጥሩም ወደ ነበረበት ተመለሰ። አዳልቶ የሚጠቁም መምህር ክፉ መሆን የለበትም፤ ጎበዝ ልጅ ምን እንደሚመስል በጭንቅላቱ የያዘው ሥዕል ይበቃል።

ቅጣትም እንዲሁ ነው። ጥቁር ተማሪዎች ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ከትምህርት ይታገዳሉ። ይህ የሚጀምረው ገና በአራት ዓመታቸው ነው፤ በ2011-12 የፌዴራል መረጃ ከቅድመ መደበኛ ተማሪዎች ጥቁሮቹ 18 በመቶ ሲሆኑ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ከታገዱት ግን 48 በመቶ ነበሩ። የአራት ዓመት ልጅ ምን ቢያጠፋ ነው ሁለቴ የሚታገደው?

ወደ ተባረሩት መምህራን ልመለስ። በ1985 የቴነሲ ክልል ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ከ11,000 በላይ ልጆችን በዕጣ ከ13 እስከ 17 ተማሪ ባለባቸው ትንንሽ ክፍሎችና ከ22 እስከ 25 ተማሪ ባለባቸው ክፍሎች ደለደለ። ትንንሾቹ ክፍሎች ሁሉንም ጠቀሙ፤ ጥቁር ልጆችን ግን ይበልጥ። መምህራኑም በዕጣ ስለተመደቡ ሌላም ነገር ታየ፦ በእነዚያ ዓመታት ቢያንስ አንድ ጥቁር መምህር ያገኙ ጥቁር ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የማጠናቀቅ ዕድላቸው በ13 በመቶ፣ ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸው በ19 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ምን ሠራ?

ገንዘብ አይሠራም የሚለው ክርክር ከ1966 ጀምሮ አለ። ጄምስ ኮልማን በመንግሥት ትእዛዝ ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን አጥንቶ ከትምህርት ቤት ሀብት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ እንደሚበልጥ ሲያሳይ፣ ብዙዎች «ትምህርት ቤት ለውጥ አያመጣም» ብለው አነበቡት። የኋላ ጥናቶች ይህን አልደገፉም። ኪራቦ ጃክሰን፣ ራከር ጆንሰንና ክላውዲያ ፐርሲኮ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ያመጡትን የበጀት ጭማሪ ተከታትለው፣ ለ12ቱም የትምህርት ዓመታት በጀታቸው 10 በመቶ የጨመረላቸው ልጆች ሲያድጉ ደመወዛቸው 7 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አገኙ፤ ለድሃ ልጆች ጥቅሙ ከዚህም ያልፋል።

ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ቅርብ የሆነ ማስረጃ ደግሞ ከእስራኤል አለ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲወሰዱ፣ በየመቀበያ ማዕከሉ የተደለደሉት ቦታ በተገኘበት እንጂ በምርጫቸው አልነበረም። ልጆቹም በአጋጣሚ አንዱ ጥሩ፣ ሌላው ደካማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክቶር ላቪና ዳንኤል ፓሰርማን ከዓመታት በኋላ ሲያዩ፣ በሒሳብ ጠንካራ ወደሆኑት ትምህርት ቤቶች በዕድል የገቡት ልጆች ከትምህርት የማቋረጥና ክፍል የመድገም አጋጣሚያቸው ያነሰ፣ የማጠናቀቂያ ፈተና የማለፍ ዕድላቸው የበዛ ሆነ። ወላጆቻቸው ከአንድ አገር፣ በአንድ ዘመቻ የመጡ ናቸው።

ሚሲሲፒ በ2013 የንባብ ሕግ አወጣች። መምህራን ፊደልን ከድምፅ እያዛመዱ ንባብ ማስተማርን እንዲሠለጥኑ፣ አሠልጣኞች ደካማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ እንዲመደቡ፣ ሦስተኛ ክፍል ጨርሶ ማንበብ ያልቻለም እንዲደግም ወሰነች። በዚያ ዓመት በአራተኛ ክፍል ንባብ ከክልሎች 49ኛ የነበረችው ሚሲሲፒ በ2024 9ኛ ሆነች፤ ጥቁር ተማሪዎቿም ከአብዛኞቹ ክልሎች ጥቁር ተማሪዎች በልጠው ተገኙ። መድገሙ ያከራክራል፤ በስምንተኛ ክፍል ያለው ለውጥም ያነሰ ነው። ቢሆንም ከአገሪቱ ድሃዋ ክልል ይህን ካደረገች የሌሎቹ ሰበብ ምን እንደሆነ እንጃ።

ቺካጎ ውስጥ አንድ አስጠኚ ለሁለት ተማሪ ተመድቦ በትምህርት ሰዓት በየቀኑ ሒሳብ ሲያስጠና፣ በአብዛኛው ጥቁርና ሂስፓኒክ የሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፈተና ውጤትም የክፍል ነጥብም ከፍ አለ። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አልፎበታል የሚለውን እምነት ያፈረሰ ሥራ ነው። ቅድመ መደበኛ ትምህርት ላይ ግን ጠንቀቅ እላለሁ። በ1960ዎቹ በሚሺጋን 123 ድሃ ጥቁር ልጆች ላይ የተደረገው የፔሪ ሙከራ ተሳታፊዎቹ ጎልማሶች ሆነው እንኳን ፍሬው ታይቷል፤ ነገር ግን ጥራቱን ያልጠበቀ ፕሮግራም ያንን ውጤት አያመጣም። ለመምህራን በግማሽ ቀን የሚሰጥ አድልዎን የመከላከል ሥልጠናም ከፊርማ ወረቀት በስተቀር ብዙ የሚያተርፈው አላየሁም።

ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሲገጥም የሚታየው በጦር ሠራዊቱ ትምህርት ቤቶች ነው። የመከላከያ ሚኒስቴሩ በየጦር ሰፈሩ ለወታደሮች ልጆች የሚያስተዳድራቸው እነዚህ ትምህርት ቤቶች በ2022 ብሔራዊ ፈተና ከሁሉም ክልሎች በለጡ። ጥቁር የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው በንባብ ከአገሪቱ ነጭ ተማሪዎች አማካይ በልጠው ተገኙ። እዚያ ቢያንስ አንዱ ወላጅ ሥራ አለው፣ ቤተሰቡ መኖሪያና ሕክምና አለው፣ የመኮንኑም የተራ ወታደሩም ልጅ አንድ ክፍል ይቀመጣል፣ የመምህሩ ደመወዝ ደህና ነው። ከነጮቹ ጋር ያለው ልዩነት እዚያም አልጠፋም፤ ጠቧል።

የእኛ ልጆች በየትኛው ዓምድ ይቆጠራሉ?

ኢትዮጵያዊ ወላጅ «የእኛ ልጅ ሌላ ነው» ሲል መነሻ አለው። በዲቪ የመጣ ሰው ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ወይም የሙያ ልምድ ያለው መሆን ነበረበት፤ ብዙ ስደተኛ ቤተሰብ ተመርጦ የመጣ ነው። በ2007 የወጣ ጥናትም በ28 ምርጥ ኮሌጆች ከነበሩ ጥቁር ተማሪዎች 27 በመቶው ስደተኞች ወይም የስደተኛ ልጆች መሆናቸውን አሳይቷል፤ በዕድሜ እኩዮቻቸው መካከል ድርሻቸው የዚያ ግማሽ ያህል ነበር። በትምህርት ቤቱ ሰንጠረዥ ግን ልጃችን «ጥቁር» በሚለው ዓምድ ስር ነው። የሚጠቁመው መምህር፣ የሚያግደው ርዕሰ መምህር የሚያየው ያንኑ ነው። የምንከራየውም ቤት በአሮጌው ካርታ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለወላጅ ስብሰባ «ልጄ ጨዋ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ሌላ ጥያቄ ይዞ መሄድ ይሻላል። የተሰጥኦ ምዘና ለሁሉም ይሰጣል ወይስ በጥቆማ? በጥቆማ ከሆነ ወላጅ መጠቆም ይችላል፤ ጥያቄውም በጽሑፍ ይቅረብ። ልጄ በየትኛው የሒሳብ መስመር ተመደበ? ያ መስመር በስምንተኛ ክፍል አልጀብራ ያደርሰዋል? ንባብ የሚማረው ፊደል ከድምፅ እያዛመደ ነው? እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ያው የ1964ቱ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ወላጆች በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያስረዳ እንደሚያስገድድ ለዓመታት ሲተረጎም ቆይቷል። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ወረዳ መረጃዎችን በአማርኛ ያወጣል። ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ ግን አይሆንም፤ የራሱን ጥፋት ወይም የመምህሩን ቅሬታ በትክክል ተርጉሞ የሚያቀርብ የአሥር ዓመት ልጅ የለም።